ሰፈራችን ታሟል ወይስ ይመስለናል? ከቦሌ አራብሳ ለተጠየቀው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፣ ሌላ ሰውም ሲያነበው እንዲገባው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሪው፣ የሳይቱ ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነሽ። ኮሚቴው ወረዳ ሄዶ «ጤና ጣቢያው አይበቃንም፣ ውሃውም እያሳመመን ነው» ሲል «መረጃ ይዛችሁ ኑ» ተባለ። አንቺም «ታይፎይድ በዝቷል፣ ደም ግፊት የሌለበት ቤት የለም፣ ህፃናት በተቅማጥ እያለቁ ነው ይባላል፣ ይሄን ቤት ለቤት ሳልዞር ለህዝብ ክፍት በሆነ ዳታ ማረጋገጥ እችላለሁ ወይ፣ ከየት ልጀምር» ነው ያልሽው።

ግማሹን ትችያለሽ። ግማሹን ግን ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ፣ ደሞ እንደምትፈሪው ከባድ አይደለም።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ 11 ዓመት በከተማው ዳር ባሉ ወረዳዎች በእቅድና መረጃ ክፍል ሰርቻለሁ። በነዚ ዓመታት ያየሁት ትንተና ሁሉ ማለት ይቻላል ሲበላሽ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ትምህርት ቤት እያለን ታህት ያሉን፣ ቢሮ ዲኖሚኔተር የምንለው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር። የታመመውን ሁሉም ሰው ይቆጥራል፣ ከስንት ሰው ውስጥ ነው የታመመው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አራዳ ወይ ልደታ ላይ ይሄ ስህተት ትንሽ ይሆን ይሆናል፣ ከተማው ዳር ላይ ግን ሰው በየወሩ እየገባ፣ ተከራይ እየተቀያየረ፣ ወሰን እየተከለለ ባለበት፣ ከታች ያለው ቁጥር ከተሳሳተ ከላይ ያለው ምንም አይነግርሽም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እሰራበት የነበረ ወረዳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፣ የፔንታ ሶስት (አምስት በሽታ የሚከላከለው የህፃናት ክትባት ሶስተኛው ዙር) ሽፋኑ 128 በመቶ። የክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የክትትል ቻርቱ ተለጥፏል፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ በየወሩ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ የተያያዘ፣ መስመሩ ከቻርቱ በላይ ስላለፈ ነርሷ ከላይ ሌላ ወረቀት በፕላስተር ቀጥላበታለች። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በዛው ዓመት ኩፍኝ ገባ (ኩፍኝ የራሱ ሌላ ክትባት ነው ያለው፣ ግን ለፔንታ ያልመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ለሱም አይመጣም)። መጀመሪያ የታመሙት ልጆች ከጤና ጣቢያው በእግር 15 ደቂቃ እንኳን አይርቁም፣ ህንፃ የሚሰሩ የቀን ሰራተኞች በቆርቆሮ ቀልሰው የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው የነበሩት። አንዷን እናት የልጁን የክትባት ካርድ ስጠይቃት «እኛ እኮ የዚ ወረዳ መታወቂያ የለንም» አለችኝ። ካርድ ጠየቅኳት እንጂ መታወቂያ አልጠየቅኳትም፣ እሷ ግን ሁለቱን አንድ አድርጋ ነው ያየችው፣ ለዛ ነው ልጇን ለክትባት ያላመጣችው። ይሄ እስከዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሂሳቡን ስንሰራው የሆነው እንዲህ ነው። ለጤና ጣቢያው ከላይ የተሰጠው እቅድ 900 ህፃን ነበር፣ የተከተቡት 1,150፣ 128 በመቶው የመጣው ከዚ ነው። በኋላ ከጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት ዞረን ስንቆጥር በአካባቢው ያሉት ህፃናት ወደ 1,500 ይጠጋሉ። ስለዚ እውነተኛው ሽፋን 77 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከአራት ልጅ አንዱ አልተከተበም ማለት ነው። ከተከተቡት ውስጥ ደሞ ከሌላ ወረዳ የመጡም አሉበት፣ እነሱ ሲወጡ ከዛም ይወርዳል። ነርሷ አልዋሸችም፣ የሰጠችውን ክትባት ነው የመዘገበችው። ከታች ያለው 900 ነው ሁላችንንም ያሳሳተን።

ያ 900 ከየት መጣ? በሀገራችን የመጨረሻው የህዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ተቆጠረባት። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ። ስለዚ ዛሬ ወረዳ ላይ የምታገኚው የህዝብ ቁጥር በአብዛኛው ከዛ ቆጠራ ተነስቶ በእድገት ምጣኔ እየተባዛ የመጣ ትንበያ ነው፣ የነፍሰጡሮችና የህፃናት ቁጥር ደሞ ያንን ትንበያ በመቶኛ በማባዛት ነው የሚወጣው። በ1999 አሁን አንቺ ያለሽበት ብሎክ አልነበረም፣ አካባቢው የእርሻ መሬት ነበር። ያላችሁበት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ራሱ በ2013 ነው ከቦሌና ከየካ ተወስዶ የተዋቀረው፣ ስለዚ አንድ ሰው «ለሚ ኩራ ላይ የ10 ዓመት አዝማሚያ» ብሎ ግራፍ ቢያሳይሽ ከ2013 በፊት ያለውን እንዴት እንዳገኘው ጠይቂው።

እና የኮሚቴያችሁ የመጀመሪያ ስራ ስለበሽታ ምንም ሳትጠይቁ የሰውን ቁጥር ማግኘት ነው። ኮንዶሚኒየም ለዚ ስራ ምቹ ነው፣ ብሎክ ቁጥር አለው፣ ቤት ቁጥር አለው። ብሎኮቹን ቁጠሩ፣ በየብሎኩ ያለውን ቤት ቁጠሩ። ከዛ ሰው የገባበትን ለማወቅ በተለያየ ቀን፣ መብራት ባለበት፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከደጅ ቆማችሁ መብራት የበራበትን መስኮት ቁጠሩ፣ ሶስት ቀን አድርጉት፣ በአንዱ ቀን ጨልሞ የነበረው በሌላው ይበራል። ቀጥሎ 60 ያህል ቤት በእጣ ምረጡ (በእጣ ነው ያልኩሽ፣ የምታውቋቸውን ጎረቤቶች አይደለም) እና በቤቱ ስንት ሰው ያድራል፣ ስንቱ ከ5 ዓመት በታች ነው፣ ስንቱ ከ50 በላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ሰራተኛዋም ትቆጠር፣ ባለ አንድ መኝታዋን ለሶስት ተካፍለው የሚኖሩት ላጤዎችም ይቆጠሩ፣ ዘበኛውም ይቆጠር። ለምሳሌ 250 ብሎክ ቢሆንና በብሎክ 32 ቤት ቢኖር 8,000 ቤት ነው፣ 85 በመቶው ሰው ካለበት 6,800፣ በቤት 4.1 ሰው ካደረ ወደ 28,000 ሰው። ይሄ የኔ ምሳሌ ነው፣ የናንተ ይለያል፣ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረዳው ከያዘው ትንበያ የተሻለ ቁጥር እጃችሁ ላይ ይኖራል።

በነገራችን ላይ ይሄ ቁጥር ብቻውን የጤና ጣቢያ ጥያቄያችሁን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። በሀገሪቱ ስታንዳርድ ከተማ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ነው። የናንተው ጤና ጣቢያ እንደናንተ ያለ ሶስት ሳይት የሚያገለግል ከሆነ 84,000 ሰው ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ስለታይፎይድ ተከራክራችሁ ከምታሸንፉ በዚ ብታሸንፉ ይቀላል፣ ምክንያቱም ስታንዳርዱ የናንተ አይደለም፣ የራሳቸው ነው።

አሁን ወደ ክፍት ዳታው። ኢንተርኔት ላይ ማንም ሊያገኘው የሚችለው ትልቁ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው፣ ብዙ ሰው ኢዲኤችኤስ የሚለው። በፈረንጆቹ 2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 ተሰርቷል፣ በ2014 እና 2019 ደሞ አነስ ያለው። የ2016ቱ ከ16 ሺ በላይ ቤተሰብ ነው የጠየቀው። እዛ ላይ ለምሳሌ አዲስ አበባ ከ1,000 በህይወት ከተወለዱ ልጆች 39ኙ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ በሀገር ደረጃ 67 ነው። የቀነጨሩ ህፃናት አዲስ አበባ 15 በመቶ፣ በሀገር ደረጃ 38። ይሄ ለማነፃፀሪያ ጥሩ ነው፣ ግን የሚወርደው እስከ ክልልና ከተማ አስተዳደር ድረስ ብቻ ነው። ስለ ቦሌ አራብሳ ምንም አይልም፣ ልታስብይውም አትሞክሪ። የዳሰሳ ቦታዎቹን ጂፒኤስ አውርደው «እኛ ሰፈር የተሰራው ይሄ ነው» የሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል፣ የሰው ሚስጥር ለመጠበቅ ሲባል እኮ ነጥቦቹ ሆን ተብሎ ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎሜትር ድረስ ይዛወራሉ። 2 ኪሎሜትር ካንቺ ተነስተሽ ብትሄጂ ሌላ ዓለም ነው።

ሁለተኛው የጤና ጣቢያው የራሱ ሪፖርት ነው፣ ኤችኤምአይኤስ የሚባለው፣ አሁን ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባል ሲስተም ነው የሚገባው። ይሄ ለህዝብ ክፍት አይደለም፣ ፓስወርድ ያለው የጤና ባለሙያ ነው የሚያየው፣ ግን በደብዳቤ ስም የሌለበት ድምር ቁጥር መጠየቅ ትችያለሽ፣ የመረጃ ነፃነትን የያዘው አዋጅ 590/2000 ላይ ለዜጋ መብቱ አለ። ደብዳቤሽ ላይ «የጤና መረጃ ይሰጠን» ብለሽ አትፃፊ፣ ማንም አይሰጥሽም፣ ምን እንደምትፈልጊም አይገባውም። «ከሐምሌ 2015 እስከ ሰኔ 2016 በየወሩ ከ5 ዓመት በታች በተቅማጥ የታከሙ፣ በእድሜና በፆታ» ብለሽ ፃፊ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ።

የሚሰጡሽ ሰንጠረዥ ላይ «አስሩ ዋና ዋና በሽታዎች» የሚል ነገር ይኖራል፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው ፎቶ አንስቶ የሚሄደው። እባክሽ ተጠንቀቂ። እሱ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣውን ሰው ነው የሚቆጥረው። ሰው የማይመጣበት በሽታ እዛ ላይ የለም። ደም ግፊት አያምም፣ ስለዚ ሰው አይመጣም። በፈረንጆቹ 2015 በሀገር ደረጃ ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሰዎች ላይ በተሰራ ዳሰሳ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነው የተገኘው፣ አብዛኛዎቹም ከዛ በፊት አያውቁትም። ይሄን በ28,000 ሰው ላይ እንዲሁ አታባዢው፣ በመጀመሪያ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን አውጪ። እንበልና 18,000 ቢቀሩ ወደ 2,900 ሰው ነው። ጤና ጣቢያው የደም ግፊት ክትትል መዝገብ ላይ 300 ሰው ካለ፣ ሳይቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ 2,600 ያህል ሰው ሳያውቀው ወይ ሌላ ቦታ እየታከመ ነው ማለት ነው። ስለ ደም ግፊት ያልሽው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ማሳያው ግን ይሄ ክፍተት ነው እንጂ የታካሚው ቁጥር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ጤና ጣቢያ የናንተን ብቻ አይደለም የሚያክመው። በናንተ በኩል ከተማው ከሸገር ከተማ ጋር ይዋሰናል፣ ከለገጣፎና ከዙሪያው የሚመጣ ሰው አለ፣ በሽታውን ከላይ ባለው ቁጥር ውስጥ ያስገባል፣ እሱ ግን ከታች ባለው የወረዳው ህዝብ ውስጥ የለም። ከናንተ ደሞ አቅም ያለው መገናኛ ወይ ሲኤምሲ የግል ክሊኒክ ይሄዳል፣ የግል ክሊኒኮች ሪፖርት ደሞ የተሟላ አይደለም። ስለዚ መዝገቡ ላይ የአድራሻ አምዱን አይቶ የሳይቱን ነዋሪ ብቻ ለይቶ እንዲቆጥርላችሁ ባለሙያውን ለምኑት። አንድ ወር ብቻ ይቁጠርላችሁ፣ ከ100 ስንቱ የናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በዛ ሌላውን ታስተካክላላችሁ።

ከታች ያለውን ቁጥር የማይፈልጉ መለኪያዎች አሉ፣ ጊዜሽ አጭር ከሆነ እነሱን ውሰጂ። ፔንታ አንድን ጀምሮ ፔንታ ሶስትን ያልጨረሰው ስንት ነው? ፔንታ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው የሚሰጠው። 1,240 ልጅ ጀምሮ 1,150 ከጨረሰ 90 ልጅ ጠፍቷል፣ 7 በመቶ። ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ችግር አለ ይባላል። የህዝብ ቁጥር ምንም ቢሆን ይሄ አይለወጥም። የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ጀምረው አራተኛውን ያልጨረሱ እናቶችም እንደዛው።

ታይፎይድ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የጥያቄሽ ዋና ነገር እሱ ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛው ምርመራ ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ነው የሚሰራው፣ ዊዳል ደሞ ከጀርሙ ይልቅ ሰውነት የሰራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ከዓመት በፊት የታመመ ሰው፣ በሌላ ትኩሳት የታመመ ሰው፣ ፖዚቲቭ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የደም ካልቸር ነው (ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ)፣ ጤና ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚ ታይፎይድ ከሌላው ሰፈር በእጥፍ ቢበዛ በውሃው ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ላብራቶሪ ተከፍቶ ዊዳል ለሁሉም ስለታዘዘም ሊሆን ይችላል። ለወረዳው «ታይፎይድ በዝቶብናል» ብላችሁ ብትሄዱ አንድ ጎበዝ ባለሙያ በዚ ጥያቄ ወረቀታችሁን ይጥለዋል፣ ከዛ ትክክል የሆነውንም አብሮ ይጥለዋል። የውሃ ጥያቄያችሁን ከፈለጋችሁ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ህፃናት ተቅማጥ ላይ ቁሙ፣ እሱን ማንም በዊዳል አያምታታውም።

ውሃውንም ራሱን ለኩት። የናንተ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ውሃ በሌለበት ቀን ቱቦው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፣ በተሰነጠቀ ቦታ ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ነው። ከዛ ሮቶ ውስጥ ቀናት ይቀመጣል፣ ክሎሪኑ ያልቃል። ቤት ደርሶ በቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን (ጀርም ገድሎ ውሃው ውስጥ የተረፈው) መኖር አለበት። በቀለም የሚለይ ቀላል መለኪያ አለ፣ ዱቄቷን ወይ ጠብታዋን ውሃው ውስጥ አድርገሽ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታስተያይዋለሽ። ከቧንቧ በቀጥታ 10 ቤት፣ ከሮቶ 10 ቤት፣ ፈረቃው በመጣ ቀንና ከሶስት ቀን በኋላ። ኤክስቴንሽኗ አብራችሁ ብትሆን ይመረጣል፣ ቀኑና ሰዓቱ ይፃፍ። ከዛ የተቅማጡን የወር በወር ቁጥር ከፈረቃው መቆራረጥ ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። ተቅማጥ በክረምት መግቢያ በየትኛውም ሰፈር ይጨምራል፣ ስለዚ ሰኔን ከግንቦት ጋር ሳይሆን ሰኔን ካለፈው ሰኔ ጋር አወዳድሩ።

ሞትን በተመለከተ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 መሰረት ከ2008 ጀምሮ እየተሰራ ነው፣ ሞት በ30 ቀን ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሰው ግን ሞትን የሚያስመዘግበው ውርስ ወይ ጡረታ ሲኖር ነው፣ አንድ ቀን ኖሮ የሞተን ህፃን ማን ያስመዘግባል። አዲስ አበባ ላይ ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል በቤተክርስቲያንና በሙስሊም መቃብር ቦታዎች የተቀበረውን የመመዝገብ ስራ ነበር፣ ከዛ ቤተሰቡን ሄዶ እንዴት እንደሞተ ይጠይቃሉ። ግማሽ ያህሉ አዋቂ የሚሞተው በልብ፣ በስትሮክ፣ በስኳር፣ በካንሰርና በመሳሰሉት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መሆኑን ያሳየን እሱ ነው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀመር ሞቱ እንዴት እንደቀነሰም እዛው መቃብር ላይ ነው የታየው። እናንተ ሰፈር ደሞ ዕድር አለ። የዕድሩ ጸሐፊ ደብተር ላይ ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን ስንት ብር እንደተከፈለ አለ፣ አባል ስንት እንደሆነም አለ፣ ከላይም ከታችም ያለው ቁጥር አንድ ደብተር ውስጥ። ተከራይ ብዙ ጊዜ ዕድር ስለማይገባ ሙሉ አይደለም፣ ግን ከወረዳው መዝገብ ጋር ብታስተያዩት ስንት ሞት እንዳልተመዘገበ ይነግራችኋል። ደብተሩን ግን ፎቶ አታንሱት፣ ጸሐፊው ራሱ በእድሜና በዓመት ቆጥሮ ይስጣችሁ።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነገር ልናገር፣ ትንሽ ቁጥር። በ28,000 ሰው ውስጥ በዓመት 600 ልጅ ተወለደ እንበል። በአዲስ አበባው 39 ምጣኔ ከነዚ 23ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ግን ምንም ነገር ሳይቀየር፣ እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ፣ አንድ ዓመት 14 ሌላ ዓመት 33 ሊሆን ይችላል። ስለዚ «ካምናው በ10 ጨመረ» ብላችሁ አትደንግጡ፣ «ቀነሰ» የሚላችሁንም ቶሎ አትመኑ። የእናቶች ሞት ላይ ደሞ ይባስ። ጤና ጣቢያው «ዘንድሮ አንድም እናት አልሞተችብንም» ይላል፣ ይመስገን ነው። ግን 600 ወሊድ ላይ ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው? ዜሮ ሲሆን 3ን በቁጥሩ ማካፈል የሚባል ቀላል ህግ አለ፣ 3 ሲካፈል ለ600፣ በ100,000 ወሊድ 500 ነው። በሌላ አነጋገር፣ እውነተኛው አደጋ በ100,000 ወሊድ እስከ 500 ቢሆን እንኳን ዜሮ ልታዪ ትችያለሽ። በ2016ቱ ዳሰሳ የሀገሪቱ ግምት 412 ነው፣ እሱ ራሱ በመላ ሀገሪቱ ተሰርቶ ከ273 እስከ 551 ድረስ ነው እርግጠኛ የሚሆነው። ስለዚ የአንድ ሰፈር የእናቶች ሞት በአንድ ዓመት አይለካም። የሚለካው መንገዱ ነው፣ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ስንት ደቂቃ ጠበቀች፣ ሌሊት ጤና ጣቢያው መብራትና ውሃ ነበረው ወይ። የሶስት ዓመት ቁጥር ደምሩና ስሩ፣ ይሻላል።

እድሜም አለ። ኮንዶሚኒየም ወጣት ይበዛበታል። ለምሳሌ ከ50 በታች ያለ ሰው ከ1,000 2 ቢሞት፣ ከ50 በላይ ያለው ከ1,000 20 ቢሞት፣ በሁለቱም ሰፈር ይሄው ቢሆን፣ 10 በመቶው ብቻ ከ50 በላይ የሆነበት ሳይት ላይ ሞቱ 3.8 ይመጣል፣ ሩቡ ከ50 በላይ የሆነበት አሮጌ ሰፈር ላይ 6.5። እኩል ጤና ነው፣ ቁጥሩ ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይለያያል። ለዛ ነው 60ዎቹን ቤቶች ስትጠይቁ እድሜን አትዝለሉ ያልኩሽ። ሁልጊዜ በእድሜ ከፍላችሁ አነፃፅሩ።

አቆጣጠሩን ሳልነግርሽ እንዳልረሳ፣ የጤና ሪፖርት ዓመቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ ወሩ ደሞ ከ21 እስከ 20 ነው የሚዘጋው፣ ዳሰሳዎቹ በፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ የወረርሽኝ ሪፖርቱ ከሰኞ እስከ እሁድ በሳምንት ነው። የ2011 ዳሰሳና የ2011 በጀት ዓመት በ7 ዓመት ይራራቃሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያምታቱት አይቻለሁ። ወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ፃፉ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ስለዚ ስም፣ ስልክ፣ ቤት ቁጥር ከበሽታ ጋር አብሮ አይያዝ። አዋጁ ባይኖርም ቢሆን፣ «ብሎክ 47 ላይ አንድ የቲቢ ታማሚ» ብላችሁ ብትፅፉ ስም ባትፅፉም ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቤት የሚያከራየው ያስወጣዋል። ከ5 ያነሰ ቁጥር ከሆነ «ከ5 በታች» ብላችሁ ብቻ እለፉት።

ወረቀታችሁ ከሁለት ገፅ አይብለጥ። መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሆናችሁና እንዴት እንደቆጠራችሁ፣ ከዛ 40,000ው፣ ከዛ የህፃናቱ ተቅማጥና የክሎሪኑ ልኬት፣ ከዛ የደም ግፊቱ ክፍተት። ታይፎይድን ተዉት። ያልቆጠራችሁትንም ፃፉ፣ በተለይ ከሳይቱ ጀርባ በቆርቆሮ ያሉትን የቀን ሰራተኞች ካልደረሳችሁባቸው «አልቆጠርናቸውም» በሉ፣ ብትችሉ ግን ሂዱና ቁጠሯቸው፣ ልጆቻቸው የክትባት ካርድ እንዳላቸው ጠይቁ፣ መታወቂያ የሚለውን ቃል እንዳታነሱ።

ደብዳቤውን ስታስገቢ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት አትሂጂ፣ የመረጃ ባለሙያዋ ሪፖርት እያሰባሰበች ስለምትሆን ቀና ብላ አታይሽም። አዲሱ ወር ከገባ በኋላ ባለው ሳምንት ጠዋት ሂጂ፣ የቆጠራችሁትን የብሎክ ሰንጠረዥ ይዘሽ፣ አንድ ኮፒ ለሷም ስጫት፣ እሷም ያ ቁጥር ቸግሯት ነው የምታገኛት። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲደርስሽ ስምና ቤት ቁጥር አውጥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።